ጠፍቶም የሚጮኸው ሞተር

ያ አሮጌ አውቶቡስ ሲያልፍ ጆሯችሁን በመዳፋችሁ ደፍናችሁ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያላዝነው?» ትላላችሁ። መልሱን ሳትጠብቁም መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። ዛሬ ግን ጠብቁ። መልሱን የሚያውቀው ሰው ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ልቅሶ ውስጥ ተዘፍዝፎ ኖሯል። እናንተ ጆሯችሁን ስትደፍኑ እሱ ጥርሱን ነክሶ ያዳምጥላችሁ ነበር። ስንቴ በሰላም ወርዳችሁ ቤታችሁ የገባችሁት በእሱ ነው፤ አታውቁትም እንጂ።

ስም ነበረው፤ የሚጠራበት ግን ደሞዝ ሲከፈል ብቻ ነው። በጋራዡ ውስጥ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው።

ጋራዡ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። ድምፅ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም፤ ከቆርቆሮው ወደ ሲሚንቶው፣ ከሲሚንቶው ወደ ሰው ይመላለሳል። እዚያ የሚታከሙት የድርጅቱ አውቶቡሶች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ዕድሜ የተጨመረላቸው ናቸው። ሞተራቸው ከኋላ ነው። ከሞተሩ ጎን ላይ አየር የሚግተው ሳጥን ተለጥፏል። መጽሐፍ ሱፐርቻርጀር ይለዋል፤ እኛ የጋራዡ ሠራተኞች ነፊው እንለዋለን። የሚያላዝነው እሱ ነው።

ለምን እንደሚያላዝን ጆሮ ሲያስረዳ ሁለት እጆቹን ጨብጦ አንዱን በሌላው ዙሪያ ያሽከረክር ነበር። አንድ ቀን ለታናሽ ወንድሙ፣ ለሾፌሩ፣ እንዲህ ሲለው ሰምቻለሁ፦

«ውስጡ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች አሉ። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይዞራል። ይተቃቀፋሉ ግን አይነካኩም፤ በመሃላቸው ያለችው የወረቀት ያህል ክፍተት ናት። አየሩን በእቅፋቸው እየዘገኑ ወደ ሞተሩ ይወስዱታል። ወዲያ ማዶ ደግሞ የታመቀ አየር ይጠብቃቸዋል። እቅፋቸውን ሲከፍቱ ያ የታመቀው ወደ ኋላ ተመልሶ ይመታቸዋል፦ ጧ! አንዷ ጧ ምንም አይደለችም። እነሱ ግን አንዴ እስክትተነፍስ ድረስ ስንትና ስንት ጊዜ ይከፍታሉ፤ ጧ ጧው ተያይዞ ክር ይሆናል። የሚያዞሯቸው ማርሾችም ጥርስ ለጥርስ ሲፋጩ የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ክሩ ይቀጥናል። እንግዲህ 'ዊ...' የሚልህ እሱ ነው።»

«ተቃቅፎ አለመነካካት!» አለ ወንድምየው እየሳቀ። «ይሄማ የአንተና የእትዬ ትዳር ነው ጋሼ!»

«ዝም በል አንተ ባለጌ! አሁን ጥያቄህን መልሼልህ አይደል? ደህና ነፊ ያለቅሳል፤ ልቅሶው ግን ልስልስ ነው። የታመመው ማር ውስጥ አሸዋ እንደገባበት ነው የሚሆነው። የሚሽከረከሩበት ኩሽኔታ ሲበላ ብረቶቹ መወዛወዝ ይጀምራሉ፣ ክሩ ይሻክራል። ያኔ ካላወረድከው ጉድህ ነው።»

አሸዋዋን የሚሰማት እሱ ብቻ ነበር። ረጅም ካቻቢቴ ነበረችው። ጫፏን ነፊው ላይ ይደግፍና እጀታዋን በጥርሱ ይነክሳል። ዓይኑን ይጨፍናል። ሞተሩ ጆሮ ግንዱ ሥር እየጮኸ እሱ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ከዚያ አንገቱን አንዴ ይነቀንቃል። ያ ንቅናቄ ነበር ፈቃዱ። የጆሮ አንገት ያልተነቀነቀለት አውቶቡስ በር አይወጣም፤ የተነቀነቀለትን ደግሞ ማንም አያስቆመውም። «ሚስቱ ስታንኮራፋ የትኛው ኩሽኔታዋ እንደላላ ያውቃል» እያልን እንስቅ ነበር። እሱም ይስቅ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ጆሮ መጀመሪያ ሲቀጠር ጥጥ በጆሮው ከትቶ ነበር የመጣው። የዚያን ጊዜው አለቃው «ብረቱ» የሚባል ሰው ነበር፤ እሱ ራሱ ምንም የማይሰማ፣ እየጮኸ የሚያወራ። ብረቱ አየውና «ጥጥ ለሬሳ ነው! ሞተሃል እንዴ?» አለው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጆሮ ጥጡን አውጥቶ ጣለ። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ሕግ ሆነ። አዲስ ሰው ጆሮውን የሸፈነ እንደሆነ «ሬሳ!» ይባላል፣ እስኪያወጣው መላወሻ አያገኝም። በኋላ ጆሮ ራሱ «ጥጥ ለሬሳ ነው» ባይ ሆነ። አያችሁ? የሰው ልጅ የተገረፈበትን አለንጋ አንስቶ ይሰቅለዋል እንጂ አያቃጥለውም።

አንድ ጊዜ የጆሮ መሸፈኛ ይገዛልን ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ኃላፊው፣ ቢሮው ወፍራም መስታወት ያለው ሰውዬ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጆሮ ጆሮውን ከሸፈነ በምን ሊሠራ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጆሮም ሳቀ፤ እንዲያውም ኮራ። ሸማኔ እጁን አስሮ ይሸምናል? የእኛ ስህተት ይቺ ናት፣ ሌላ ቦታ ያለ ሰው የማይሠራት፦ መሣሪያ ቢሆን ዘይት ቀብተን በጨርቅ ጠቅልለን እናስቀምጠው ነበር፤ የሰው ጆሮ ስለሆነ ግን እየሳልን እስኪያልቅ ድረስ ቆረጥንበት። ከዚያ በበዓል ቀን «የድርጅታችን ጆሮ» ተብሎ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ።

የሰዓቷን ነገር ሚስቱ ናት የነገረችኝ። ሳሎናቸው ሰቀላት። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ «ቆማለች» ብሎ ባትሪ ቀየረ። ደግሞ ቀየረ። ሰዓቷ አልቆመችም፤ ቀጭ ቀጭ ትል ነበር። ሚስቱ ከማእድ ቤት ስትጠራው አይመልስም። «ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ነው» እያለች ስታኮርፍ ከረመች። የናቃት መስሏት። ቀጫጭኑ ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚሄደው፤ የሴት ድምፅ፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት፣ የሕፃን ሳቅ። ወፍራሙ እስከ መጨረሻ ይቆያል። ስለዚህ ሰውየው የሚሰማ ይመስለዋል፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ባዳ ደግሞ ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ከተጋደመበት ብድግ አለ።

«የማን መኪና ነው ደጃፋችን ላይ ሞተር አስነስቶ የተወው?»

«ምን መኪና?» አለች ሚስቱ።

«ነፊ ያለው ነው፤ አትሰሚም እንዴ?»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ጎዳናው ባዶ ነበር፤ አጥር ሥር የተኛ ውሻ ብቻ። ተመልሶ ገባና ተጋደመ። ያን ቀን የጀመረው «ዊ...» እስከ ዛሬ አልቆመም።

እሱ ግን የገዛ ጆሮውን አልጠረጠረም። የወንድሙን አውቶቡስ ጠረጠረ።

ወንድሙን አባታቸው ሲሞት ያሳደገው እሱ ነው። መንጃ ፈቃድ ያስወጣለትም፣ ድርጅቱ ውስጥ ያስገባውም እሱ። የዚያን ልጅ አውቶቡስ ከሌላው አብልጦ ቢያዳምጥ አይገርምም። ነፊውን አወረደው። ፈታው፣ አጠበው፣ ክፍተቶቹን ለካ፤ ሁሉም ልክ ነበር። ገጠመው። ካቻቢቴዋን ነከሰ፦ «አሁንም አለ።» ደግሞ አወረደው። እኛ «ነፊውን ሊያገባው ነው እንዴ?» እያልን አሾፍን። ወንድምየው ያለ ሥራ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይነክሳል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አልሰማም።»

«አንተ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ? መሪ መጠምዘዝ እንጂ!»

የመጨረሻው ጊዜ የምሳ ሰዓት ነበር፤ ሌላው ሁሉ ወጥቷል። ጆሮ ካቻቢቴዋን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በግራ እጁ ወንድሙን ይጠራዋል። «ይኸው! ይኸው አሁን! ሻከረ! ሰማኸው አይደል?»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ተጠጋ። ትከሻውን ነካው። ጆሮ ዓይኑን ሲከፍት ወንድሙ መዳፉን ዘርግቶ የአውቶቡሱን ቁልፍ ያሳየዋል።

«ጋሼ... ሞተሩ አልተነሳም።»

ይህን ወንድምየው ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ። «ካቻቢቴዋ ከአፉ አልወደቀችም» አለኝ። «እንደነከሳት ቆየ። ሕፃን ልጅ ጡት ሲከለከል እንደሚያየው ነው ያየኝ።»

ሐኪም ዘንድ ይዞት ሄደ። ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት፤ የምትቸኩል ግን። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ፣ ማዳመጫ አድርጋለት፣ «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» አለችው። አላነሳም። ከዚያ እጁን አነሳ፤ ድምፅ አልለቀቀችም ነበር። ጮክ ብላ በጽሑፍም ጭምር አስረዳችው፦ የሞተው አይመለስም። የሚጮኸው ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ጆሮ ነው። ከጫጫታ ይራቅ። ጩኸቱ ሲመጣ ደግሞ አይከተለው፣ ችላ ይበለው፣ አንገቱን ደፍቶ ሥራው ላይ ያተኩር፤ ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

ከጫጫታ ይራቅ! ወዴት? ኃላፊው ዘንድ ገብቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረኝ አለው፤ ምክንያቱን ግን ደበቀ። «አንተ ከነፊው ተለይተህ አንድ ቀን ታድራለህ?» ብሎ ኃላፊው ሳቀበት። ምክንያቱን ቢናገር የሚመጣውን ያውቃል፦ ስንብት። የማይሰማ ጆሮ ማን ይቀልባል? መጠሪያው፣ እንጀራው፣ ሰው ፊት የሚቆምበት እግሩ ያቺ ንቅናቄ ናት። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ተማከሩ።

«ዝም በል» አለው ወንድሙ። «ማንም አያውቅም። እኔ ስኖር አጠገብህ እቆማለሁ። ከሻከረ እግርህን እረግጥሃለሁ፤ አንተ አንገትህን ብቻ ተንከባከባት።»

«አንተ መንገድ ስትሆንስ?»

«ያኔ ጥርስህ ይሰማል።»

ጥርስ ምን ይሰማል? መንቀጥቀጥ ነው። ደህናውም የታመመውም ይንቀጠቀጣል። በዚያ ላይ አሁን በራሱ ውስጥ አንድ የማይቋረጥ ክር አለ፤ ቀጭን፣ ልስልስ፣ እንከን የሌለው። ካቻቢቴዋን በነከሰ ቁጥር የሚሰማው ያንን ነው። ለሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ስንት ሰው ጭኖ ስንት አውቶቡስ በዚያ ንቅናቄ እንደወጣ እናንተው አስቡት። ዕድል ሆኖ አብዛኞቹ ደህና ነበሩ።

ከዚያ ወንድምየው ከረጅም መንገድ ተመለሰ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«ጋሼ፣ ድምፁ ሻከር ብሎብኛል። እስቲ እየው።»

ችግሩ ያን ጊዜ እኛ ሁላችን እዚያ መሆናችን ነበር። ከብበን ቆመናል፤ ኃላፊውም ከመስታወቱ ወጥቶ ቆሟል። ጆሮ ነከሰ፣ ጨፈነ። ወንድምየው እግሩን ሊረግጠው ተጠጋ፤ ኃላፊው መሃላቸው ገባ፣ «ምን ይላል? ነገ ጠዋት ጉዞ አለው» እያለ። ጆሮ እግሩ እስኪረገጥ ጠበቀ። የሚረግጠው የለም። አንገቱን ነቀነቀ።

«ማር ነው!» አለ።

ወንድምየው አሸዋዋን ሰምቷል። ለሾፌር ጆሮ እንኳ ግልጽ ነበረች። አፉን ከፍቶ ነበር። «ጋሼ ተሳስተሃል» ቢል እዚያው ሰው ፊት ሁሉ ነገር ሊዘረገፍ ነው፦ ቁልፉ፣ ሐኪሟ፣ የእግሩ ምልክት። ያሳደገውን ሰው ባደባባይ ማራቆት ነው። ስለዚህ አፉን መልሶ ዘጋ።

«እሺ ጋሼ። አንተ ካልክ።»

በልቡ ግን ጠዋት ቀደም ብሎ ገብቶ ለብቻቸው ሊነግረው አስቦ ነበር። ይህንንም ነግሮኛል።

ጠዋት ቀደም ብሎ ገባ። ሞተሩን አስነሳና ሊያማክረው ወደ ጆሮ መሥሪያ ጠረጴዛ መራመድ ጀመረ። ያኔ ነው የተበላው ኩሽኔታ የለቀቀው። ከሁለቱ ብረቶች አንዱ ሲወዛወዝ የዘይቱን መጠበቂያ ጎማ ቀደደው፤ ዘይቱ ከነፊው አየር ጋር ወደ ሞተሩ ገባ፤ ሞተሩ የራሱን ዘይት መጠጣት ጀመረ። የራሱን ዘይት የሚጠጣ ሞተር ቁልፍ አያጠፋውም፤ ናፍጣ ቢቋረጥበት ደንታ የለውም። ይፈጥናል፣ ይፈጥናል፣ እስኪፈነዳ ይፈጥናል። የሚገድለው አየር ማጣት ብቻ ነው። ለዚህ ቀን የተሠራ አየር መዝጊያ ክዳን ነበረው፤ ሞላው ተሰብሮ ከረመ እንጂ። ይገዛል እየተባለ። በምትኩ ጆሮ በልኩ የቆረጣት አንዲት ጣውላ ነበረች፤ የነፊውን የአየር መግቢያ አፍ ለመክደን። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር፣ ከእግሩ አጠገብ ነበር የምታርፈው።

ጩኸቱ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ክሩ ወደ ሰማይ ተመዘዘ። ጭሱ አዳራሹን ሞላው። እኛ ሸሸን፤ ውሸት የለበትም፣ ሁላችንም በሩን ነው ያየነው። ወንድምየው ዘሎ ገብቶ ቁልፉን አጠፋ፤ ምንም። ወደ ኋላ ሮጠ።

«ጋሼ! ጣውላዋን! ጋሼ! ኧረ ጣውላዋን!»

ጆሮ ጀርባውን ሰጥቶ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አቀርቅሯል። ከሞተሩ በጥቂት እርምጃ ነው። በጭሱ መካከል ጀርባው ይታየናል። ክሩ እየቀጠነ፣ እየጮኸ፣ እየጮኸ ሲመጣ ሰምቶታል። በደንብ ነው የሰማው። የጆሮዬ ጩኸት ብሶብኛል ብሎ አሰበ። ሐኪሟ ያለችውን አደረገ፦ አልተከተለውም። ችላ አለው። አንገቱን የባሰ ደፋና ሥራው ላይ አተኮረ።

ወንድምየው ሁለተኛ አልጠራም። ጃኬቱን አውልቆ ጠቀለለና የአየሩን አፍ ሊደፍን ገፋው። ነፊው ጃኬቱን ሳበው። ከጃኬቱ ጋር እጁን ሳበው።

ሁለቱ ብረቶች፣ ያ የወረቀት ያህል ክፍተት... ታውቁታላችሁ። ነግሬያችኋለሁ።

ሞተሩ ታንቆ ቆመ። ጆሮ ወለሉ መንቀጥቀጡን ሲያቆም በእግሩ አወቀና ዞረ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተደረገ። ኃላፊው «የባለሙያ ቸልተኝነት» አለ። «የማይሰማ መሆኑን ለምን አልነገረንም?» አለ። ለማን? ለአንተ? አንተ እኮ ቢሮህን በወፍራም መስታወት የጋረድከው ድምፁ ምን እንደሚያደርግ ስለምታውቅ ነው! የራስህን ጆሮ በመስታወት፣ የእሱን በሽልማት! ይህን ተነስቼ ተናገርኩ፤ «ስሜታዊ አትሁን» ተባልኩ። ጆሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሁሉንም አፍ ተራ በተራ ያያል። ተሰናበተ። ሾፌሩም ተሰናበተ፤ ቀኝ እጅ የሌለው ሾፌር ምን ይሠራል ተብሎ። ለክዳኑ ሞላ ተገዛ። የጆሮ መሸፈኛ ግን አልተገዛም።

በእሱ ቦታ ሌላ ሰው መጥቷል፤ ልጆች ያሉት፣ ረጋ ያለ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ጥጥ አድርጎ ነበር። አንዱ ከወዲያ ማዶ «ጥጥ ለሬሳ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጮኼባቸው ነበር፤ ግን በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማል? ሰውየው አፍሮ ጥጡን አወጣ። አሁን ካቻቢቴ ይነክሳል። ከትናንት ወዲያ አንዱ «ጆሮ» ብሎ ሲጠራው ሰማሁ።

ባለፈው እሑድ የፊተኛውን ጆሮ ልጠይቅ ሄድኩ። ወንድምየው አለ፤ ባዶ እጅጌውን ኪሱ ከትቶ ከአጠገቡ ተቀምጧል። በየቀኑ ነው የሚመጣው። ሚስቱ ሻይ አቀረበች። ሰዓቷ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ትላለች።

ድንገት ጆሮ የወንድሙን ጉልበት ያዘ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«አላጠፋችሁትም እንዴ?» አለ።

«ጠፍቷል ጋሼ» አለ ወንድምየው። ጆሮ አፉን ያያል። ወንድምየው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጠፍቷል! ድሮ ነው የጠፋው!» ከዚያ የሚያሳየው ፈልጎ ግራ እጁን ዘረጋ፣ ያኔ ቁልፉን እንዳሳየው፤ መዳፉ ግን ባዶ ነበር።

ጆሮ ባዶውን መዳፍ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ኧረ አጥፉት» አለ። «እጁን ሊወስድበት ነው። አጥፉት እንጂ!»